ሪፍ ታንክ ላይ ብረት፦ የትኛው ብሎን፣ የትኛው ፋሼታ፣ የትኛው ማጠፊያ ይሁን?

አቡሽ_ሪፍ

ሰላም ቤቶች። 400 ሊትር ሪፍ ታንክ (የባሕር ውሃ የኮራል ገንዳ)፣ ከሥሩ 100 ሊትር ሳምፕ (የማጣሪያ ገንዳ) ያለው ሊተከል ነው። ድንጋይና አሸዋው የሚይዘው ሲቀነስ የተጣራ ውሃው 400 ሊትር ገደማ ይሆናል። ለስላሳ ኮራል፣ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይገቡበታል። የተዘጋጁት የብረት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፤ የማይሆነውን ሰርዙልኝ፦

1. የፓምፑን ጎማ የሚያጠብቁ 4 ፋሼታዎች (ሻጩ «ስቴንለስ ናቸው» ብሏል)
2. ንጹህ ውሃ መሙያው ላይ የናስ ተንሳፋፊ ቫልቭ፣ ሮቶ ላይ የሚገጠመው ዓይነት
3. መብራቱን ከጣሪያ የሚያንጠለጥል የስቴንለስ ሽቦ ገመድ
4. ክሮም የተቀቡ የክዳን ማጠፊያዎች
5. ሳምፑ ውስጥ የሚሰጥሙ 6 ኤም6 (6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው) ስቴንለስ ብሎኖች ከነዳዶና ሮንዴላቸው
6. ከቱቦላሬ የተበየደ መቆሚያ

ቀይባሕር_40

ሌላውን እስክንነጋገር ቁጥር 2ን አሁኑኑ አውጣው። ናስ መዳብና ዚንክ ነው፤ ሁለቱም ለቀንድ አውጣ፣ ለሽሪምፕና ለኮራል መርዝ ናቸው። ለመጠኑ ማነጻጸሪያ እንዲሆንህ፦ የዓሣ ጥገኛን ለመግደል በማቆያ ታንክ የሚጨመረው የመዳብ ሰልፌት መጠን በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም መዳብ ነው። አከርካሪ የሌለው እንስሳ ግን ከዚህ በጣም ባነሰው ይሞታል። የአንተ ታንክ 400 ሊትር ነው፤ ከቫልቩ አንድ አሥረኛ ግራም መዳብ ብቻ ቢሟሟ 0.25 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል። በእርግጥ ከፊሉን ድንጋዩና አሸዋው ይይዙታል፤ ግን የያዙትን በኋላ ቀስ እያሉ ይለቁታል፣ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

«ቫልቩ የሚነካው ንጹህ ውሃ እንጂ ጨው አይደለም» የሚል ሰው አይጠፋም። የአርኦ ዲአይ ውሃ (ሜምብሬን በሚባል ስስ ወንፊትና በሬዚን የተጣራ) ማዕድኑ ስለወጣለት ከነካው ብረት ላይ አጥብቆ ይወስዳል፤ ከማጣሪያው በኋላ ያለ ናስ ከማጣሪያው በፊት ካለው ይልቅ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከሜምብሬኑ በፊት ያለው የቤቱ የመዳብ ቧንቧና የናስ መገጣጠሚያ ችግር የለውም፣ ሜምብሬኑ ይይዘዋል። ከሜምብሬኑ በኋላ እስከ ታንኩ ድረስ ግን ቱቦው፣ ክርኑ፣ ቫልቩ፣ ተንሳፋፊው፣ ሁሉም ፕላስቲክ ይሁን።

አዜብ_ኮራል

ቁጥር 4ም ይውጣ። ክሮም የተቀባ ማጠፊያ ውስጡ ብዙ ጊዜ የዚንክ ቅይጥ ወይም ተራ ብረት ነው፤ ከክሮሙ ሥር ደግሞ የኒኬልና የመዳብ ንጣፍ ይኖራል። ጨው ሲነካው ቅቡ ይፈነዳና ሥሩ ያለው ይወጣል። ክዳኑ ላይ የተጠራቀመው ጤዛ ተንጠባጥቦ የሚመለሰው ታንኩ ውስጥ ነው። ከውሃው በላይ ያለ ነገር ሁሉ ጠብታው ወዴት እንደሚወርድ አስብበት የምለው ለዚህ ነው፤ ወደ ታንኩ የሚወርድ ከሆነ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቁጠረው። ለክዳን የአክሪሊክ ወይም የፖሊፕሮፒሊን ማጠፊያ በሲሊኮን ወይም በአክሪሊክ ማጣበቂያ ይበቃል።

ጋሽ_ሙርሳ

ልጄ፣ ጥያቄህ የሚጀምረው ከቁጥር 5 ነው፤ እሱ ከገባህ ሌላው ይቀላል።

«ስቴንለስ ነው» ማለት መልስ አይደለም። የትኛው ስቴንለስ፣ የት ቦታ? ስቴንለስ የማይዝገው ከላዩ ባለው በዓይን በማይታይ የክሮሚየም ኦክሳይድ ልባስ ነው። ልባሱ ሲጫር ራሱን ይጠግናል፣ ለጥገናው ግን ኦክስጅን ይፈልጋል። ክሎራይድ ደግሞ ልባሱን ይበሳል። ጨዋማነቱ 35 የሆነ የባሕር ውሃ በሊትር ከ19 ግራም በላይ ክሎራይድ አለው፤ የቀይ ባሕር ውሃ እንዳለ የሚቀዳ ሰው ደግሞ ጨዋማነቱ 40 ስለሚሆን ከዚያም ይበልጣል።

304 የሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ነው። 316 ላይ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ይጨመራል። ባለሙያ የሚያወዳድርበት ቀመር አለ፦ የክሮሚየም መቶኛ፣ ሲደመር 3.3 ጊዜ የሞሊብዲነም መቶኛ፣ ሲደመር 16 ጊዜ የናይትሮጅን መቶኛ። 304 ከ18 እስከ 20 ያህል ያመጣል፣ 316 ከ24 እስከ 26፣ ዱፕሌክስ 2205 የሚባለው ስቴንለስ ወደ 35። ለባሕር ውሃ የሚፈለገው ከ40 በላይ ነው። ስለዚህ 316 «የባሕር ስቴንለስ» ተብሎ ቢሸጥም ለመርከብ ወለል መያዣ ነው የሚሆነው፤ ዓመት ሙሉ ተነክሮ ለሚኖር ነገር አልተሠራም።

አሁን ብሎንህን ተመልከት። ከሮንዴላው ሥርና ከዳዶው ጥርስ መሃል ቀጭን ውሃ ተይዞ ይቀራል። እዚያ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፤ ልባሱ አይጠገንም፤ የሟሟው ብረት ክሎራይድ ይስባል፣ ውሃው አሲድ ይሆናል። አንዴ ከጀመረ ራሱን እየመገበ ይሄዳል። ከውጭ የሚታየው ራስ እንደ አዲስ ያበራል፣ ሲፈታ ግን አንገቱ ላይ ተበልቶ በእጅ ይሰበራል። ተራ ብረት ሲዝግ ያስታውቃል፤ ስቴንለስ ሥር ለሥር ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ቁጥር 5፦ ቲታኒየም ግሬድ 2፣ ወይም ፕላስቲክ። ቲታኒየም በታንክ ሙቀት በባሕር ውሃ አይበላም፣ ከሮንዴላ ሥርም ጭምር።

ብሎን_አጥባቂ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ብዙ ሰው 316 ብሎን ውሃ ውስጥ አስገብቶ ለዓመታት ምንም አልሆነበትም። የታወቁ የፓምፕ አምራቾችም ስቴንለስ ቪቴ ይጠቀማሉ። አላበዙትም?

ጋሽ_ሙርሳ

ክርክርህ ተገቢ ነው። ሁለት ነገር ለይ። አንደኛ፣ ውሃ በደንብ በሚንቀሳቀስበት ቦታ ያለ፣ ምንም ያልተጫነው ልሙጥ 316 ረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ኦክስጅን ያገኛል። ሁለተኛ፣ አምራቹ ቪቴውን ብዙ ጊዜ በኢፖክሲ ወይም በኦሪንግ (በጎማ ቀለበት) ያሽገዋል፣ ውሃ አይደርሰውም። አቡሽ ግን ሮንዴላ አድርጎ አክሪሊክ ላይ ሊያጠብቅ ነው፤ ያ ክፍተት እንዲፈጠር ታስቦ የተሠራ ያህል ነው። «ምንም አልሆነም» የሚባለው ደግሞ ሳይፈታ ነው። ይፈታና ይታይ።

አደጋው ውሃው ውስጥ ብቻ እንዳይመስልህ። ውሃ የሚረጭበት፣ የሚደርቅና መልሶ የሚረጥበውም ቦታ ክፉ ነው፦ የሳምፑ ጠርዝ፣ የስኪመሩ (የአረፋ ማጣሪያው) አፍ አካባቢ፣ የክዳኑ ሥር። ውሃው ሲተን ጨው ብቻ ይቀራል፤ ክሎራይዱ ከባሕሩ በብዙ እጥፍ ይጠነክራል።

ብሎን_አጥባቂ

ተቀበልኩ፣ ለሮንዴላው። ለጨመርኩት ጥያቄ ግን፦ 304 እና 316ን በማግኔት መለየት ይቻላል?

ጋሽ_ሙርሳ

አይቻልም። ሁለቱም በመደበኛነት ማግኔት አይዙም፤ በቀዝቃዛ ሲቀጠቀጡና ሲጠማዘዙ ደግሞ ሁለቱም ትንሽ ሊይዙ ይችላሉ። ማግኔት የሚነግርህ ተራ ብረት ወይም 430 (ማግኔት የሚይዝ የስቴንለስ ዓይነት) ከሆነ ብቻ ነው። የብሎኑን ራስ አንብብ፦ ኤ2 ከተጻፈበት የ304 ቤተሰብ ነው፣ ኤ4 ከተጻፈበት የ316። ከጎኑ ያለው 70 ወይም 80 የጥንካሬው መጠን እንጂ ዝገት የመቋቋሙ አይደለም። ምንም ያልተጻፈበትን ኤ2 ነው ብለህ ያዝ። ከተጠራጠርክ የሞሊብዲነም መፈተኛ ጠብታ አለ፤ ቀለሙ ሲለወጥ 316 ነው።

ቀይባሕር_40

ፋሼታ ላይ ደግሞ የተለየ ኮድ አለ፣ ብዙ ሰው የሚታለልበትም እሱ ነው። ቀበቶው ላይ በጥቃቅን ተመትቶ ይታያል፦

ደብሊው1፦ ሁሉም ዚንክ የተቀባ ብረት።
ደብሊው2፦ ቀበቶው ስቴንለስ፣ ቪቴው ግን ዚንክ የተቀባ ብረት።
ደብሊው3፦ ቀበቶና ቤቱ 430 ዓይነት።
ደብሊው4፦ ሁሉም 304።
ደብሊው5፦ ሁሉም 316።

ሻጭ «ስቴንለስ» ብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ደብሊው2ን ነው። ቀበቶው ስለሚያበራ አይዋሽም፣ ቪቴው ግን ዚንኩን ወደ ሳምፑ ጥሎ ይዝግና አልፈታ ይላል። ማግኔት እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ቪቴው ላይ አስጠጋው፣ ከያዘው ተወው።

ከሳምፑ ውጭ፣ ደረቅ ላይ ላለ ጎማ ደብሊው5 ይሁን። ውሃ ውስጥ ላለው ምንም ብረት አያስፈልግም፤ የመመለሻ ፓምፕ ግፊት ትንሽ ነው። ጥርስ ያለው የፕላስቲክ አፍ፣ ጎማውን በሙቅ ውሃ አለስልሶ እስከ መጨረሻው መግፋት፣ ከዚያ ሁለት የናይሎን ማሰሪያ ጎን ለጎን፣ አንዱ ቋጠሮ በዚህ ሌላው በተቃራኒው። ቋጠሮው ሥር ጎማው በእኩል ስለማይጨመቅ ነው ማቃረኑ።

አዜብ_ኮራል

አቡሽዬ፣ ፕላስቲክ ብሎን ከመረጥክ ናይሎን ውሃ እንደሚጠጣ እወቅ፤ ትንሽ ያብጣል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል። ኤም6 የነበረውን ኤም8 አድርገው። በእጅ አጥብቀህ ሩብ ዙር ብቻ ጨምር፣ በካቻቢቴ አትታገለው፤ የብሎኑ ራስ ወዲያው ሳይሆን ከወራት በኋላ ነው የሚበጠሰው። ፖሊፕሮፒሊንና ፒቪዲኤፍ የሚባሉት ፕላስቲኮች ውሃ አይጠጡም፤ ፒቪዲኤፍ ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም እንዲሁ።

ኤይላት_ሪፍ

መብራቱን እኔ ልያዝ፣ ምክንያቱም ቀላል መስሎ የሚታለፈው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 ስዊዘርላንድ ኡስተር ከተማ ውስጥ የአንድ የቤት ውስጥ መዋኛ ኮንክሪት ጣሪያ ተደርምሶ 12 ሰው ሞቷል። ጣሪያውን ይዘው የነበሩት የስቴንለስ ዘንጎች ነበሩ። አየሩ ላይ የነበረው ክሎራይድ፣ ከተሸከሙት ክብደት ጋር ተዳምሮ ብረቱን ሰነጠቀው። ይህ ዓይነቱ መሰንጠቅ ብዙ ዝገት ሳያሳይ ነው የሚመጣው። የታንክ አየር እንደ መዋኛ አዳራሽ ክፉ አይደለም፣ መብራትህም ኮንክሪት አይደለም። ግን የተወጠረ ቀጭን ሽቦ፣ ከጨው ጭጋግ በላይ፣ ከሥሩ ውሃና ኤሌክትሪክ አለ።

ስለዚህ፦ ገመዱ 316 ይሁን፣ ከመብራቱ ክብደት ቢያንስ 5 እጥፍ የሚችል። ከዋናው ሌላ አንድ ላላ ብሎ የሚታሰር መጠባበቂያ ገመድ ጨምር። በየ3 ወሩ በንጹህ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረገውና አድርቀው። ከመያዣው አጠገብ አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ገመዱን ሙሉ ለሙሉ ቀይር። በፕላስቲክ የተሸፈነ ገመድ አትግዛ፤ ጨዋማው እርጥበት ከሽፋኑ ሥር ገብቶ አይወጣም፣ ያለበትንም ሁኔታ አታይም።

ሌላው፣ የመብራቱ አካል አልሙኒየም፣ ቪቴው ስቴንለስ ከሆነ የሚበላው አልሙኒየሙ ነው። በቪቴው ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካየህ ጀምሯል ማለት ነው። መሃላቸው የናይሎን ሮንዴላና የናይሎን ቱቦ አስገባ።

ሲልቨርስፕሪንግ_ታንክ

ብረቱን ኢፖክሲ ቀብቶ ማስገባትስ? ወይም ጎማ መሳይ ቀለም ውስጥ መንከር? ብዙ ቪዲዮ ላይ ይታያል።

ጋሽ_ሙርሳ

ለተራ ብረትና ለናስ በፍጹም። ቅቡ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አይጠፋም። ጥቃቱ በሙሉ እዚያች ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ ጥልቀቱ ካልተቀባው ይበልጣል። ሁለት ብረት ተገናኝተው ባሉበት ደግሞ ሰው የሚሳሳተው የሚበላውን ብረት ቀብቶ የማይበላውን እርቃኑን ሲተው ነው። ተገላቢጦሹ ነው ትክክሉ፤ ሰፊውን፣ የማይበላውን ቀባ። ትልቅ ስቴንለስ ላይ ትንሽ የአልሙኒየም ቪቴ ማለት ቪቴውን መስዋዕት ማድረግ ነው።

መቆሚያው፣ ቁጥር 6፣ ቀለም የሚገባው ቦታ ነው፣ ውሃው ስለማይነካው። ቱቦላሬው አፉ ሁሉ በብየዳ ይዘጋ። ብየዳው ላይ ያለው ጥቀርሻ ተመትቶ ይነሳ፣ በመፈግፈጊያ ይጽዳ፣ አንቲረስት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ሁለት እጅ ኢፖክሲ ቀለም። ቀለም የሚላጠው ሁሌም ማዕዘኑ ላይ ነው፣ እዚያ በብሩሽ አንድ እጅ ቀድመህ ምታ። ካቢኔው ውስጥ ሳምፕ ስላለ በሩን ድፍን አታድርገው፤ አንዲት የኮምፒውተር ፋን እርጥበቱን ታወጣለች። ኮምፔንሳቶውን የሚይዙት ቪቴዎች ኤ2 ቢሆኑ ይበቃሉ፤ ጥቁሮቹን የጂፕሰም ቪቴዎች ግን አታስገባ፣ በወራት ውስጥ ይበሰብሳሉ።

ስቴንለስን በብረት ብሩሽ አትፈግፍግ። የብሩሹ ብናኝ ላዩ ላይ ተጣብቆ ይዝጋል፣ ከዚያ «ስቴንለሱ ዛገ» ይባላል። አዲስ ኤ4 ዕቃ ከተቆረጠ ወይም ከተቦረቦረ ከ4 እስከ 10 በመቶ የሲትሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሙቀት፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይንከር፤ ከዚያ በደንብ ይለቅለቅ። 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ ለአንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ይህ የተጣበቀውን ብናኝ ያወጣል፣ ልባሱም በሙሉ ይመለሳል። 304ን ግን 316 አያደርገውም።

አዜብ_ኮራል

ታንኩ ላይ የሚገጠሙትን ማግኔቶች ማንም አላነሳም። የመስታወት ማጽጃና የሞገድ ፓምፕ ማግኔቶች ኒዮዲሚየም ናቸው፤ ልባሳቸው ኒኬል፣ መዳብ፣ መልሶ ኒኬል ነው። የፕላስቲኩ ቤት ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ከገባች ውሃ ይደርሰዋል፣ ማግኔቱ ይዝግና ያብጣል፣ ሲያብጥ ስንጥቁን ይከፍተዋል። በየወሩ አውጥታችሁ ጠርዙን በጥፍር ዳስሱ፤ ቡናማ መስመር ወይም ትንሽ እብጠት ካለ ይጣል። ማጣበቂያ ቀብቶ መመለስ የለም።

ለንጹህ ውሃ ተብለው የተሠሩ ርካሽ ፓምፖች ውስጣቸው የስቴንለስ ዘንግ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት የመቅዘፊያውን ክፍል ክፈቱና እዩ፤ ነጭ ከሆነ ሴራሚክ ነው፣ ያ ይሆናል።

ምላጭ፣ መቀስ፣ ፒንሳ፦ ለሥራ ገብተው ለሚወጡ ዕቃዎች ብዙ አትጨነቁ። በንጹህ ውሃ ታጥበው፣ ደርቀው ይቀመጡ። ሳምፕ ጠርዝ ላይ የተረሳ ምላጭ ነው ችግሩ።

ጅዳ_ሳምፕ

በእኛ በኩል በጋው ስለሚከብድ ማቀዝቀዣ ግዴታ ነው። የአሮጌ ኤሲን የመዳብ ጥቅል ሳምፕ ውስጥ ነክረው የሚያቀዘቅዙ አሉ። ፍሪጅ ሠራተኛው «ውሃው አይነካውም፣ ቀለም እቀባዋለሁ» ቢልም ጋሼ ከላይ የጻፉትን ማንበብ ነው። ውሃው የሚነካው ጥቅል ቲታኒየም መሆኑ ዕቃው ላይ የተጻፈ ካልሆነ አይገዛም።

ሌላው ኤሌክትሪክ ነው። ውሃው ውስጥ የሚያፈስ ዕቃ ካለ የብረቱ መበላት በብዙ እጥፍ ይፈጥናል፣ በተለይ ፍሰቱ ዲሲ ከሆነ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊአምፔር ዲሲ በመዳብ በኩል ቢወጣ በቀን 28 ሚሊግራም መዳብ ይሟሟል፤ በ400 ሊትር ውስጥ በቀን 0.07 ሚሊግራም በሊትር ማለት ነው። የ24 ቮልት ፓምፕ ሰው አይነዝርም ብሎ መዘናጋት እዚህ ይመጣል።

30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚያጠፋ መቁረጫ) መጀመሪያ፣ የቲታኒየም ግራውንድ ዘንግ ቀጥሎ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ያለ አርሲዲ ዘንጉን ብቻ ብታስገቡ ለሚያፈሰው ዕቃ መንገድ ከፍታችሁ፣ ቀን ከሌት እንዲፈስ አደረጋችሁት ማለት ነው። አሜሪካ ያላችሁ በ5 ሚሊአምፔር የሚቆርጠው ሶኬት አላችሁ፣ እሱ ይበቃል።

ሲልቨርስፕሪንግ_ታንክ

እንበልና ገብቶ ቆይቷል፣ ቀንድ አውጣዎቹ ከመስታወቱ እየወደቁ ነው። ምን ይደረግ?

ቀይባሕር_40

መጀመሪያ ብረቱን አግኝተህ አውጣ፤ ሳታወጣ ውሃ መቀየር ድካም ነው። ከዚያ 30 በመቶ ውሃ ቀይር፣ በማግስቱ ድገመው፣ በሦስተኛው ቀንም። ሦስት ጊዜ 30 በመቶ ማለት ከነበረው 34 በመቶ ቀረ ማለት ነው፤ ስለዚህ ጎን ለጎን መዳብ የሚይዝ ሬዚን ወይም ፖሊፊልተር አስገባ። ፖሊፊልተሩ መዳብ ሲይዝ ሰማያዊ ስለሚሆን ምርመራም ነው። አክቲቭ ካርቦን ይረዳል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። የአዲሱ ውሃ ጨዋማነትና ሙቀት ከታንኩ ጋር እኩል ይሁን፤ የደከመ ኮራል ሌላ ድንጋጤ አይችልም።

የቤት መዳብ መመርመሪያ ለማቆያ ታንክ መድኃኒት የተሠራ ነው፤ ዜሮ ቢያሳይህ አትተኛበት። ናሙና ለአይሲፒ (ውሃው ውስጥ ያሉትን ብረቶች ለሚለካ የላብራቶሪ ምርመራ) ላክ። ውጤቱ ሲመጣ ብረቶቹን በጥንድ አንብባቸው፦ መዳብና ዚንክ አብረው ከፍ ካሉ ናስ ፈልግ። ዚንክ ብቻውን ከሆነ ቅብ ፋሼታ ወይም ቪቴ። ኒኬልና መዳብ ከሆነ ማግኔት። ኒኬል፣ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ከሆነ 316 እየተበላ ነው። አልሙኒየም ብቻውን ከሆነ ግን መብራቱን ከመወንጀልህ በፊት የፎስፌት ማስወገጃህን ተመልከት፤ ብዙ ጊዜ ምንጩ እሱ ነው። አይረን (ተራው ብረት) ወዲያው ስለሚዘቅጥ ዝቅ ብሎ መታየቱ ዝገት የለም ማለት አይደለም።

አቡሽ_ሪፍ

እግዜር ይስጥልኝ። የተስተካከለው ይኸው፦ ፋሼታ ከውጭ ደብሊው5፣ ከውስጥ ድርብ የናይሎን ማሰሪያ። ተንሳፋፊው ፕላስቲክ። ማጠፊያው አክሪሊክ። የሳምፑ 6 ብሎኖች ቲታኒየም ግሬድ 2 ከቲታኒየም ዳዶ ጋር። የመብራት ገመድ 316 ከመጠባበቂያ ጋር። ብሎኖቹ እንዳይነክሱ መካኒኮች የሚቀቡት የመዳብ ቅባት አለ፣ እሱን ልቀባ?

ጋሽ_ሙርሳ

የመዳብ ቅባት?! ስሙን እያነበብከው! የኒኬሉም አይሆንም። ስጋትህ ግን ትክክል ነው፣ ቲታኒየም በቲታኒየም ላይ ደረቁን ከጠበቀ ይነክስና አይፈታም። ጥርሱ ላይ ሁለት ዙር የቴፍሎን ጥቅል አድርግበት፣ በእጅ ቁልፍ ቀስ ብለህ አጥብቅ፣ ድሪል አታስገባ። ወይም ዳዶዎቹን ብቻ የፒቪዲኤፍ አድርጋቸው፤ ሳምፕ መደርደሪያ ላይ የሚመጣ ክብደት የለም፣ ወጪውም ይቀንስልሃል።